ሩብ ኪሎ እርሳስ

ቅዳሜ ማታ ነው። እጄን ሦስቴ ታጥቤም ግራጫው ነገር ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሏል።

የ13 ዓመት ልጄ እዚህ ቨርጂኒያ ካርት በምትባለው ትንሽ የውድድር መኪና ትወዳደራለች። በእሷ ምድብ መኪናውና ነጂው አንድ ላይ ቢያንስ 320 ፓውንድ መመዘን አለባቸው። በኪሎ 145 መሆኑ ነው። ልጄ ደግሞ እንደ እናቷ ቀጭን ናት። ሄልሜት፣ ቱታና ጫማ አድርጋ እንኳን ከ45 ኪሎ አታልፍም። ካርቷ ከነሞተሯ 82 ነው። የጎደለውን 18 ኪሎ በእርሳስ፣ በዚያ ከባድ ግራጫ ብረት፣ የምሞላው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ጊዜ «ማሚዬ፣ እርሳሱን አምጪልኝ» ስላት ጋራዡን ዞር ዞር ብላ ያቺን ቢጫ የተማሪ እርሳስ ይዛልኝ መጣች። ምን ታድርግ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትማረው አማርኛ የሚያውቀው እሱን እርሳስ ነው። እናቷ በበኩሏ «ልጄን ብረት ከምታሸክማት በደንብ ብትበላ አይሻልም?» ትለኛለች። ኧረ አይሻልም! ሰውነቷ ላይ ያለውን ኪሎ የትም ላዞረው አልችልም። እርሳሱን ግን የፈለግኩበት ቦታ አስረዋለሁ። ፎርሙላ ዋን ላይ ረጃጅሞቹ ነጂዎች ስንት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ሲያስርቡ የኖሩት ለዚህ ነበር። በ2019 ነው ነጂው ከነወንበሩ ቢያንስ 80 ኪሎ ይሁን፣ የጎደለው እዚያው ወንበሩ አካባቢ ይሞላ የተባለው።

18 ኪሎ እርሳስ ሲሉት ብዙ ይመስላል እንጂ ተጠቅጥቆ ቢቀመጥ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አይሞላም። ጣጣው የት ይታሰር የሚለው ነው። ካርት ዲፈረንሻል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎቹን በተለያየ ፍጥነት የሚያዞረው ዕቃ፣ የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ አክስል ነው የሚዞሩት። ስለዚህ ኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ ትንሽ ብድግ ካላለ መኪናው አልታጠፍም ብሎ ይለግማል። እርሳሱን ወንበሩ ጀርባ ላይ ከፍ አድርጌ ሳስረው ጎማው ቶሎ ይነሳል። ከወንበሩ ሥር ሳወርደው ይረጋጋል፣ ግን ይለግማል። ሚዛኑ ላይ ያው ነው፣ አንዲት ግራም አይለወጥም። እሷ ግን ሁለት ዙር ነድታ ትመለስና «አባዬ፣ ዛሬ ከብጃለሁ» ትለኛለች።

ወንበሩን በትራፓኖ በስቼ፣ ትልልቅ ሮንዴላ አድርጌ፣ በቡሎን ነው የማስረው። ዳዶው እንዳይፈታም ሽቦ እሰካበታለሁ። (እነዚህን ስሞች የተማርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህ ሱቅ ገብቼ ሮንዴላ ብል ማን ይሰማኛል?) በሩጫ ላይ ተፈትቶ የሚበር ሦስት ኪሎ እርሳስ ከኋላ ያለውን ልጅ ሊገድል ይችላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ዛሬ ሦስተኛ ወጣች። ከእኔ ጋር እንኳን ሳትተቃቀፍ በቀጥታ ወደ ሚዛኑ ሄደች፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። 319.4 ፓውንድ። አውርደው ደገሙት። 319.4። አዲስ አበባ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ሳንቲም ከፍዬ ስንቴ ተመዝኛለሁ፣ ቁጥር እንዲህ አስደንግጦኝ አያውቅም። የጎደለን ሩብ ኪሎ ምናምን ነው። ለጎረቤት የምንልከው ቡና በሉት። ውጤቷ ተሰረዘ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት ስመዝናት ታንኩ ሙሉ ነበር። ለመጨረሻው ውድድር ግን «ቤንዚን ለምን ላሸክማት» ብዬ ቀነስኩ። የቀነስኩትን እርሳሱ ላይ ልጨምር ይገባኝ ነበር። ስግብግብነት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝም አለች። እኔ ዝምታ አልችልም። በ2024 የፎርሙላ ዋን ነጂው ጆርጅ ራስል ቤልጂየም ስፓ ላይ አንደኛ ወጥቶ፣ ሻምፓኙን ተረጭቶ፣ በኋላ መኪናው ከ798 ኪሎው 1.5 ጎድሎ ተገኝቶ ድሉ ለሉዊስ ሃሚልተን እንደተሰጠ ነገርኳት። በ1984 ቲሬል የሚባለው ቡድን ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ውሃና የእርሳስ ጠጠር ታንክ ውስጥ ሲሞላ ተደርሶበት የዓመቱ ውጤቱ በሙሉ እንደተሰረዘም ጨመርኩላት። በመስኮት ውጪውን እያየች አዳመጠችኝ።

«የራስል መካኒክ ግን አባቱ አይደለም» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይታ እሷው ሳቀች።

አሁን አንድ ኪሎ ጨምሬ አስሬያለሁ። ሩብ ኪሎ ምናምን ይበቃ ነበር፣ ግን ሁለተኛ አልጃጃልም። እያሰርኩ ሳለ በፒጃማ መጣች። እያንዳንዱ እርሳስ ላይ የመኪናዋ ቁጥር መጻፍ ስላለበት «ጓንት አድርጊና ጻፊበት» አልኳት። ያቺን ቢጫ እርሳሷን አነሳችና ሞከረች። ግራጫ በግራጫ ላይ፣ ምንም አይታይም።

«አባዬ፣ እርሳስ በእርሳስ ላይ አይጽፍም» ብላ ማርከር ፍለጋ ገባች።