የጎረቤት ከተማ ፌስታል

ኮሪያ የመጣሁት በመንግሥታቸው የትምህርት ዕድል ነው። ማስተርሴን ስጨርስ ከሴኡል በስተደቡብ ባለች አንዲት የፋብሪካ ከተማ፣ የመኪና ዕቃ በሚያመርት አነስተኛ ድርጅት የጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠርኩ። ማሽን ላይ የሚሠሩት ከኔፓል፣ ከቬትናም፣ ከካምቦዲያና ከኡዝቤኪስታን የመጡ ናቸው። ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከተወሰኑ አገሮች ጋር ተዋውላ ሠራተኛ ታስመጣለች፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ ውስጥ ስለሌለች በግቢው ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ኮሪያንኛም እንግሊዝኛም ስለምችል ባለቤት ያጣ ጉዳይ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአስተዳደር ኃላፊያችን አስጠሩኝ። የሠራተኞቹ ማደሪያ በር ላይ ቆሻሻ ተከምሮ ጎረቤቶች አቤት ብለዋል፤ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤትም ደውሏል። "በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ጻፍና ለጥፍ፤ ቅጣቱ እስከ 1,000,000 ዎን መሆኑን በቀይ አድርገው" አሉኝ። ቅጣቱስ እውነት ነው። ግን እንግሊዝኛውን ማን ሊያነበው? ማደሪያው ውስጥ ያሉት እርስ በርስ የሚግባቡት በተሰባበረ የፋብሪካ ኮሪያንኛ ነው። ከመጻፌ በፊት ነገሩን በዓይኔ ልየው ብዬ ከሥራ ስወጣ በዚያው አለፍኩ።

የተከመረው ቆሻሻ ዝርክርክ ያለ አልነበረም። አፉ በደንብ ታስሯል፤ ያለውም በመንግሥት ፌስታል ውስጥ ነው።

ኮሪያ ላልኖረ ሰው ይሄ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አዲስ አበባ የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ይመጣል፤ ብዙ ጣልክ ትንሽ ያው ነው። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ክፍያው ያለው ፌስታሉ ዋጋ ውስጥ ነው። አስተዳደሩ ያሳተመውን ፌስታል ከሱቅ ትገዛለህ፣ በዚያ ትጥላለህ፤ ብዙ የሚጥል ብዙ ይከፍላል። የምግብ ትርፍራፊ ለብቻው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ መሬት ውስጥ መቅበር ስለተከለከለ ወደ እንስሳት መኖና ማዳበሪያ ይሄዳል። እንስሳ የማይበላው ደግሞ ከተራው ቆሻሻ ጋር ይጣላል። በበዓል ዶሮ ወጥ ስሠራ የዶሮው አጥንት፣ የእንቁላሉ ቅርፊት፣ የሽንኩርቱ ልጣጭና የቡናው አተላ ተራው ፌስታል ውስጥ ገብተው፣ ለምግብ ትርፍራፊው የሚቀረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይሄን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ታዲያ ፌስታሉ ትክክል ከሆነ ለምን አልተነሳም? ማደሪያው ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖረ አንድ ኔፓላዊ የብየዳ ሠራተኛ አንዱን ገልብጦ ጽሑፉን አሳየኝ። የታተመበት የጎረቤት ከተማ ስም ነው። ልጆቹ እሑድ እሑድ ቅመምና ሩዝ ለመግዛት ወደዚያች ከተማ ይወርዳሉ። የሱፐርማርኬቷ ገንዘብ ተቀባይ አስቤዛውን የምታስገባላቸው በኋላ ለቆሻሻ በሚሆን ፌስታል ነው፤ ዋጋውን ከፍለው ይዘውት ይመለሳሉ፣ ሳምንቱን ይጥሉበታል። ገንዘቡ የገባው ግን ለጎረቤት ከተማ ካዝና ስለሆነ የእኛ ከተማ የጽዳት መኪና አያነሳውም። ሕጉን አክብረው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ነው በሕገወጥነት የተከሰሱት።

ከሁሉ የሚያስቀው ካሜራው ነው። ቆሻሻ የሚጣልበት ጥግ ላይ ሰው ሲቀርብ የሚናገር ካሜራ ተክለዋል፤ በኮሪያንኛ ብቻ፣ በጣም ፈጣን በሆነ ኮሪያንኛ ይጮኻል። ልጆቹ የመሰላቸው ስለ መኪና ማቆሚያ የሚናገር ነው።

ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ሁለቱን ፌስታል አስተያይተው ሲጨርሱ "እኔም አላውቅም ነበር" አሉ። የማስጠንቀቂያው ነገር በዚያው ቀረ። ይልቅ ከተማው የውጭ ነዋሪዎችን ሐሳብ የሚሰማበት ስብሰባ ነበርና ብየዳ ሠራተኛውን ይዤ እንድሄድ ላኩኝ፤ ግማሽ ቀናችን ከደመወዛችን አይቆረጥም ሲሉም አክለው ነገሩን። እዚህ አገር ቋሚ መኖሪያ ካገኘ ሦስት ዓመት የሞላው የውጭ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ በሠራተኛ ቪዛ ያለ ግን አይመርጥም። ስለዚህ ለእሱ ያቺ ወንበር ቀላል ነገር አልነበረችም።

ስብሰባው ላይ ጥሩ ጥሩ ሐሳብ ተነሳ፦ የባህል ፌስቲቫል፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ የሌሊት አውቶቡስ። ለሁሉም የተሰጠው መልስ "እናጤነዋለን" ነበር፤ ቀበሌ ተመላልሶ የሚያውቅ ሰው ይሄን መልስ በየትኛውም ቋንቋ ይለየዋል። የእኛ ተራ ሲደርስ ኔፓላዊው ንግግር አላደረገም። ሁለት ባዶ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ "ይሄኛው ይነሳል፣ ይሄኛው አይነሳም። የማደሪያችን ሰው ልዩነቱን አያውቅም" አለና ተቀመጠ።

የጽዳት ክፍሉ ሰው ወዲያው ተነሡ። ከሌላ ከተማ ለመጣ ሰው የያዘውን ፌስታል እንዲጨርስ የሚለጠፍ ስቲከር ሰፈር ጽሕፈት ቤት ውስጥ አለ አሉ። አለ! መስኮቱ ላይ የተጻፈው በኮሪያንኛ ስለሆነ የጠየቀው የለም እንጂ። አድራሻ የቀየረ የውጭ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታው ስለሆነ፣ እዚያው መስኮት ላይ የሁለቱን ፌስታል ፎቶና የመጣያ ሰዓቱን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው ብለን ጠየቅን። ቃል አልበዛበትም፤ በአብዛኛው ሥዕል ነው። ለዚህ "እናጤነዋለን" አላሉም፤ ወረቀቱን ማን እንደሚያዘጋጅ እዚያው ተነጋገሩ። ረቂቁን ግን እኔው እንድሠራ ተደረገ፤ ባለቤት ያጣ ጉዳይ እንደ ልማዱ።

አሁን ሠራተኞቹ ሐሳብ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ ነው። የሌሊት አውቶቡሱንም በዚያው መንገድ ጀምረነዋል፦ የትኛው ፋብሪካ ሺፍት በስንት ሰዓት ያልቃል፣ የመጨረሻው አውቶቡስ የት ፌርማታ ላይ ያመልጣል የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው እየመዘገቡ ነው። ካሜራው ግን አሁንም በኮሪያንኛ ብቻ ይጮኻል። ድምፁን ለመቀየር በጀቱ የሌላ ክፍል ነው ተብለናል፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ እያጣራን ነው።