40 ጥንድ ቀሚስ ከማዘዜ በፊት ማንም ያልነገረኝ

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ እህቴ የባህል ልብስ ሱቅ አላት። ቲክቶኩን፣ ቴሌግራሙን፣ ፌስቡኩን የምይዘው እኔ ነኝ። "ቀጥሎ ምን ይነሳል?" ብሎ መገመትም የኔ ድርሻ ነው። ባለፈው ነሐሴ ግምቴ ተሳሳተ፤ የእህቴን ገንዘብም ይዞ ሄደ። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

አካውንት መክፈት፣ የስልክ ማቆሚያ መግዛት፣ ጠዋት በጥሩ ብርሃን መቅረጽ በሁለት ቀን ይለመዳል። ሰዉ ጎግል ላይ ምን እየፈለገ እንደሆነ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስም በነጻ ነው። እዚያ ላይ 100 የሚለውን ስታዩ ግን 100 ሰው ፈልጓል ማለት እንዳይመስላችሁ። በመረጣችሁት ቦታና ጊዜ ውስጥ ፍለጋው ከሁሉም በላይ የወጣበትን ነጥብ ነው 100 የሚለው። ደግሞ ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል። በሁለቱም ፈልጉ።

አሁን ወደ ቀሚሱ።

ሐምሌ 2017 መጨረሻ ላይ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመጣብኝ ጀመር። እናትና ልጅ በቤት ልብስ ይቆማሉ፣ ልጅቷ ትዘላለች፣ ወዲያው ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥለት ባለው ሀበሻ ቀሚስ ብቅ ይላሉ። ከዚያ በፊት የማርኬቲንግ ስልጠና ወስጄ ነበር። አሰልጣኙ "ትሬንድን በ24 ሰዓት ውስጥ ካልያዛችሁት አመለጣችሁ" ብሎን ነበር። አመንኩት። እህቴንና ልጇን አስለብሼ ቀረጽኩ። ያን ያህል ሰው ያየው ቪዲዮ ኖሮን አያውቅም። ስልኬ ሌሊቱን ሲንጫረር አደረ።

በማግስቱ "ለእንቁጣጣሽ ይሄ ነው የሚሸጠው" አልኳት። አመነታች። "20 ጥንድ ይበቃል" አለችኝ። 40 ካልሆነ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔያችን ደወልን፣ ግማሹን ቀብድ ላክን።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሽሮ ሜዳን የማያዝዝ ነጋዴ የለም። ይህን ዘንግቼው ነበር ማለት አልችልም። አውቃለሁ፤ ግን የቪዲዮው ቁጥር ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር። በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ።

"ጋሼ፣ የኛ ደረሰ?"

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ለበዓሉ ይደርሳል።"

አልዋሸኝም። ደረሰ። ጳጉሜን 4 ቀን! ጥበቡ በእጅ ነው የሚሠራው፤ ቲክቶክ ቸኮለ ተብሎ እጅ አይቸኩልም። ካርቶኑን ስንከፍት ልብሱ በጣም ያምር ነበር። ይህ ነው የበለጠ የሚያንገበግበው። አምስት ጥንድ ተሸጠ። 35 ተቀመጠ።

አንዲት የቆየች ደንበኛችን ቀሚሱን ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ "ያምራል፤ ግን ዘንድሮ የሁለት ልጅ ዩኒፎርምና ደብተር አለብኝ" ብላ መለሰችልን። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይከፈታል። የወላጅ ብር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ምን ስልጠና ያስፈልጋል? እኔም ያደግኩት እዚሁ ከተማ ነው።

ያን ማታ የቪዲዮውን ተመልካቾች ዝርዝር ከፈትኩ። ቲክቶክ ሰዉ ከየት አገር እንዳየው ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ያለችው ሳዑዲ ናት፣ ቀጥሎ ኤምሬትስ። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ነበረች። ኮመንቶቹን እንደገና አነበብኩ። "ጅዳ ትልካላችሁ?" "ዱባይ ያለን ሰዎችስ?" ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበሩ። የልብ ምልክት እየሰጠሁ አልፌያቸዋለሁ። ወደ ውጭ የምንልክበት መንገድ አልነበረንም። ይህን ገጽ ከማዘዜ በፊት ባየው ኖሮ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። በአሰልጣኙ ቅር ብሰኝም በራሴ የተናደድኩትን ያህል አይሆንም።

የ24 ሰዓቱ ምክር ለዘፈንና ለቀልድ ይሠራል። ዕቃ ለምንሸጥ ሰዎች ግን ጎጂ ነው እላለሁ። እኔ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው "ዕቃዬ ተሠርቶ እጄ ለመግባት ስንት ሳምንት ይፈጃል?" ብዬ ነው። ቀሚስ ስድስት ሳምንት ከፈጀ፣ ዛሬ የሚታየው ነገር ለኔ አልፏል። የምገምተው ከስምንት ሳምንት በኋላ ያለውን ነው። ለዚያ ደግሞ ከሃሽታግ ይልቅ የግድግዳ ካሌንደር ይሻላል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ፋሲካ ይዞራል፤ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው።

ፊቼ ጨምበላላ ለብቻው ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያን ሰሞን በዓሉ የሚከበርበት የሀዋሳው ጉዱማሌ በሰው ይሞላል። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ናቸው። ስለዚህ ቪዲዮውን ቀድሜ እቀርጻለሁ፣ ቀን ግን አልጽፍበትም። በወሬ ተነስቶ ቀን ጽፎ ማስታወቂያ መልቀቅ በዓሉንም መድፈር ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ሲገደቡ ያተረፈን እህቴ በደብተር የጻፈችው የደንበኛ ስልክ ቁጥር ነው። ቁጥር ሰብስቡ።

እኔም አሁን ደብተር አለኝ። ሱቅ ገብቶ፣ ወይ በቴሌግራም በውስጥ መስመር ጽፎ፣ የሌለንን ነገር የጠየቀ ሰው ሁሉ ይመዘገባል። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ አንድ ነገር ከጠየቁ ጥቂት አሠራለሁ። ላይክ አልቆጥርም።

ጥቅምት ላይ ሦስት እናቶች በተለያየ ቀን "ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ለማጥባት የሚመች ቀሚስ የላችሁም?" አሉን። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አንድም አላየሁም። ስድስት ብቻ አዘዝን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደረሰ። ደብተሩ ላይ ላሉት ደወልኩ፤ ሳልቀርጸው አራቱ ሄደ። ከዚያ ቀርጬ ለቀቅኩት። ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ግን በዚያው ሳምንት ተሸጠ። ከእናትና ልጅ ቀሚሶቹ ገና 13 ጥንድ መደርደሪያ ላይ አለ። ለጥምቀት 12 ፊት ለፊት የሚከፈት አዘናል። ጋሼ "ጥር 3 ቀን" ብሎኛል። በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ።