ሰባራ ባቡር ላይ የአፈር ክፍል እየሠራሁ ነው

ብሎኬት ለምን እንዳልገዛሁ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጎረቤት ይጠይቃል። አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ደግሞ ወደ ጭቃ ልትመለሺ ነው?» አለችኝ። መልሴን እዚህ ልጻፈው።

የእናቴ ቤት አዲስ አበባ፣ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ነው። የግል ይዞታ ነው፣ ካርታ አለው፣ ግቢው ግን ጠባብ ነው። ከጀርባ የነበረውን ማድ ቤት አፍርሼ ለእናቴ አንድ ክፍል ከነመታጠቢያው እየሠራሁላት ነው። ግድግዳው የተጨመቀ የአፈር ጡብ ነው።

አዲስ አበባ በጭቃ የቆመች ከተማ ናት። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከገባ በኋላ አጣና እንደልብ ተገኘ። አጣናው ይተከላል፣ በማገር ይያያዛል፣ በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ፒያሳም ካዛንቺስም ብዙው የድሮ ቤት እንዲህ ነበር። ዛሬ ጭቃ ሲባል ሰው የሚታየው የዘመመ ግድግዳ ብቻ መሆኑ ያናድደኛል። ያዘመመው ጭቃው አይደለም፣ ውሃ ነው። አጣናው በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር እግሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል። የጣሪያው ክፈፍ አጭር ከሆነና አሸንዳ ከሌለው ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ግድግዳውን ይገርፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ወደ ቀበሌ ከገቡት ቤቶች ብዙዎቹ ደግሞ የሚያድሳቸው አጡ። የእናቴ ዋና ቤት ያው ጭቃ ነው። በድንጋይ መሠረት ላይ ስለቆመና አባቴ ክረምት በወጣ ቁጥር የተላጠውን እየመረገ ስላቆየው አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እኔ የምሠራበት ጡብ ከዚያ ትንሽ ይለያል። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ይገባበታል፣ በመጠኑ ረጥቦ በማሽን ይጨመቃል። እሳት አያስፈልገውም። የእጅ ማሽኑን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦጎታ ላይ የሠራው ራውል ራሚሬዝ የተባለ መሐንዲስ ነው። ጉልበት ይፈልጋል እንጂ መብራት አይፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ጉዳይ አፈሩ ነው። ቦሌ በኩል የሚበዛው ጥቁር መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወደ እንጦጦ በኩል ያለው ቀይ አፈር ይሻላል። እኔ ያገኘሁት ጎረቤት ለመሠረት ካስቆፈረው ነው። በነፃ፣ ያውም ከደጃፌ! ለመሞከር ደግሞ ላቦራቶሪ ከመሄድ በፊት አንድ ሃይላንድ ይበቃል። ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልታችሁ ጨው ጣል አድርጉበት፤ በደንብ በጥብጣችሁ አሳድሩት። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ ደቃቁ ቀጥሎ፣ ሸክላው ከላይ። ሸክላው ከበዛ ጡቡ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ይጨመርበታል። እርጥበቱን ለማየት ደግሞ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ከደረታችሁ ከፍታ ልቀቁት። ሦስት አራት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል፣ ሳይሰበር ከተለጠፈ ውሃ በዝቶበታል።

የመጀመሪያዎቹ ጡቦች ሲወጡ ቸኩዬ «ጋሼ፣ ነገ እንጀምር?» አልኩት ግንበኛውን። «ሳይጠነክር? ውሃውን ይጠጣ እንጂ ልጄ» አለኝ። በላስቲክ ሸፍነን ለሳምንት ያህል ውሃ እየረጨንበት ቆየን። ልክ እንደ ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ያህል ይፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቶን ነበር። በማገር የተያያዘ የጭቃ ቤት ሲወዛወዝ ይለጠጣል። የአፈር ጡብ ግን ግትር ነው፣ ብቻውን ሲናወጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየማዕዘኑ ፌሮ አቁመን ከላይ ዙሪያውን በቶፕ ታይ ቢም፣ ማለትም ግድግዳውን እንደ ቀበቶ በሚይዝ የኮንክሪት ማሰሪያ፣ አሰርነው። እዚህ ላይ ብር መቆጠብ ፈጽሞ አልደግፍም።

የምናገረው ፎቅ ስለሌለው ቤት ነው። መሃል ከተማ ብዙ ቦታ ላይ ፕላኑ ፎቅ ይጠይቃል፤ ጡብ ከማስመረታችሁ በፊት ሥዕሉን ይዛችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ሐሳቡ እንግዳ ከሆነባችሁ ልደታ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት አስቡት። በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ-ስዊድን ተቋም ሆኖ የተጀመረው ነው፤ በአማራጭ ቁሶች የሙከራ ቤቶች ሠርቷል።

የቀረኝ ልስን ነው። የድሮውን የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን አልወድም፤ እርጥበቱን አፍኖ በኋላ እየተላጠ ይወርዳል። እሱን በደቃቅ አፈርና በእበት እናስለቅልቀዋለን። አዲሱን ክፍል ከውጪ ጡቡን እንዳለ እተወዋለሁ፣ ክፈፉን ግን አስረዝመዋለሁ። ከውስጥ እናቴ ኖራ ይቀባልኝ ብላለች። ጡቡን ሳይቀባ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ በዚህ ሰሞን ጻፉልኝ።