እንቅልፉ አዲስ አበባ የቀረ ልጅ

የእህቴ ልጅ ወደ አሜሪካ፣ ሲያትል መጥቶ እኛ ጋ መኖር ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ዕድሜው 17 ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። ለእራት ብንቀሰቅሰው አይሰማም። ቤተሰቡ ሲተኛ ይነሳና እስከ ንጋት ዓይኑን አይከድንም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ወዳጆቻችን «ሰንፏል፣ ስልኩን ቀሙት» አሉን። እኔ አልተስማማሁም። በብርዱ ወራት እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ጓደኞቹ የሚጽፉለት፣ የሚስቁት ያኔ ነው። «አክስቴ፣ እነሱ ነቅተው እኔ እንዴት ልተኛ?» አለኝ። ለዚህ ልጅ ስልክ መቀማት ማለት የቀሩትን ሰዎች መቀማት ነው።

ዕድሜውም አለ። በጉርምስና ወቅት የሰውነት ሰዓት ወደኋላ ይዘገያል፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚመነጨው አምሽቶ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2022 ጀምሮ አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ በሕግ የከለከለችው ለዚሁ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው።

«በጊዜ ተኛ» ብለን አልጀመርንም። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም። የያዝነው የመነሻ ሰዓቱን ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ከሌላው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይዘገይ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አብሮኝ ሱቅ ይሄዳል፣ ወይም ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይከትፋል። ካልቻለ ሃያ ደቂቃ ብቻ ያሸልባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ልጁ ይነጫነጫል፣ እህቴ ደግሞ በስልክ «ተይው ይተኛ፣ እያደገ እኮ ነው» ትለኛለች።

ብርሃን ትልቁ ነገር ነው። ሲያትል በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሷም ብትሆን ከደመና በስተጀርባ። ስለዚህ ቁርሱን ሲበላ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ ደማቅ መብራት አጠገቡ እናበራለን። የማታውን ቡና ለእሱ አስቀርተናል። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ከተጠጣ አምስት ሰዓት ካለፈው በኋላም ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። አቦሉን ቅዳሜ ጠዋት አብሮን ይጠጣል።

ከሁሉ የረዳው ግን የጓደኞቹ ሰዓት መዞሩ ነው። እዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተዋል። ሰዓቱን ራሱ ቆጥሮ ራሱ አነጋገራቸው። አሁን ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ ይደውልላቸዋል። ማታ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይገባል፤ የሚጠብቀው መልእክት ስለሌለ አይጨነቅም። አርብ ማታ አንዳንዴ ያመሻል፣ ለዚያ አንጣላም።

ተመሳሳይ ልጅ ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ተመልከቱ። ምግብ የሚጠላ፣ ከሰው የሚሸሽ፣ ጓደኞቹንም የማይፈልግ ከሆነ ጉዳዩ ከእንቅልፍ ሊያልፍ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ብቻውንም እንዲያናግር ውጡለት። ሜላቶኒንም አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ መጠኑንና የሚወሰድበትን ሰዓት ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ ለልጅ አትስጡ።