ከድሬ ሐረር በእግር፦ የአራት ሰው ቡድን ልምምድ እስከ አሥረኛው ሳምንት

የእርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ አራት ሆነን ከድሬዳዋ ሐረር በአንድ ቀን በእግር ልንሄድ ነው፤ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ለለመደው አንድ መንገድ ነው፤ ለእግረኛ ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከድሬ እስከ ደንገጎ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ1,200 ሜትር ግድም ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሁለተኛው በአዴሌ፣ በሐረማያ፣ በባቴና በአወዳይ አልፎ ሐረር የሚገባው 35 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገቱን የሚችል ሰው ሁሉ የሁለተኛውን ርዝመት አይችልም። ስለዚህ የ12 ሳምንቱን ልምምድ ለሁለት ከፍለን ነው የያዝነው፤ አሁን 10ኛው ሳምንት አልቋል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ተጀምሮ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እንዲያልቅ የተደረገው በሙቀቱ ምክንያት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ፀሐይ ማንንም አትምርም። ከሐረር ወርደው ቡድኑን የሚቀላቀሉ ሰዎች ደግሞ ሰውነታቸው ሙቀት እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እሁድ ብቻ እየመጡ መመለስ አያላምድም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተኩል ድሬ ሰንብተው በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ቢራመዱ ይሻላል።

መነሻ ሰዓቱን በግምት አትወስኑ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ በተጨማሪም ለየ10 ሜትሩ ዳገት 1 ደቂቃ። 20 ኪሎ ሜትር 4 ሰዓት ይወስዳል፤ 800 ሜትር ዳገት 80 ደቂቃ ይጨምራል፤ ሁለት የ10 ደቂቃ ዕረፍት ሲደመር 5 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተነሳ ቡድን ደንገጎ የሚደርሰው ከጠዋቱ 2፡40 ነው። እዚያ ግማሽ ሰዓት ለቁርስ፣ ከዚያ 7 ሰዓት መንገድና 50 ደቂቃ ዕረፍት፤ ሐረር 11 ሰዓት። በ10 ሰዓት የሚነሳ ቡድን ግን ዳገቱን ፀሐይ ላይ ይጨርሳል፤ ከአወዳይ ወዲያ ደግሞ ይመሽበታል። ከአወዳይ በኋላ በጨለማ መራመድን ማንም አይመኝ፤ የጫት መኪና ለእግረኛ ፍሬን አይዝም።

ይህ ስሌት የሚፈርሰው በእርምጃ ፍጥነት ማነስ እንዳይመስላችሁ። አራት ሰው በየራሱ ጊዜ ሲቆም ነው። አንዱ ጫማ ሊያስር፣ አንዱ ሊሸና፣ አንዱ ስልክ ሊመልስ፣ አንዱ ጃኬት ሊያወልቅ። እያንዳንዱ በቀኑ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ደቂቃ ቢቆም 48 ደቂቃ ሄደ። ማንም ግን አላረፈም፤ የቆሙት ጠባቂዎች እግራቸው ደርቆ ነው የሚነሱት። ስለዚህ የሚቆመው በስሌቱ በተያዙት የ10 ደቂቃ ዕረፍቶች ብቻ ነው፤ በዕረፍቱ ሁሉም ይጠጣ፣ ሁሉም ይሽና፣ ሁሉም ካልሲውን ያራግፍ። እግሩ ላይ ማቃጠል የተሰማው ሰው ብቻ ከዚህ ነጻ ነው፤ እሱ ወዲያው ያቁመን።

ዳገት ላይ ከፊት የሚሄደው የቡድኑ ዝግተኛ ሰው ነው። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ በየጥምዙ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝግተኛው ሲደርስ እሱ አርፎ ይነሳል፣ የደከመው ግን ሳያርፍ ይቀጥላል። የኋላ ሰው ቋሚ ይሁን፣ ፉጨትና ቀይ መብራት ይያዝ። አራት ሰው ተነስቶ አራቱም አብረው ይግቡ የሚለው ልማድ በኦክስፋም ትሬልዎከር የታወቀ ነው፤ ያ ጉዞ በ1981 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከጉርካ ወታደሮች ልምምድ የተነሳ ሲሆን መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር፣ ገደቡ 48 ሰዓት ነው። የእኛ መንገድ ግማሹን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ቢሆንም አራት መሆኑ ይጠቅማል፦ አንድ ሰው ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ እርዳታ ይጠራሉ።

የእሁዱ ረጅም መንገድ በኪሎ ሜትር እንዲህ ነበር፦ 10፣ 13፣ 16፣ 12፣ 18፣ 20፣ 24፣ 16፣ 28፣ 35። አራተኛውና ስምንተኛው ሳምንት ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው። ሰው ደህና ነኝ ብሎ የሚዘለው እነዚህን ነው፤ የቁርጭምጭሚትና የጉልበት ሕመም የሚመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ መካከል ሁለት ቀን የአንድ ሰዓት ፈጣን እርምጃ፣ አንድ ቀን ዳገት። ስድስተኛው ሳምንት ከድሬ ደንገጎ ነበር፤ ቁልቁለቱን ግን በመኪና ነው የሚወረደው። 20 ኪሎ ሜትር አስፋልት ቁልቁል መራመድ የጭን ጡንቻን ለቀናት ያስራል፣ የእግር ጥፍርንም ያጠቁራል። አሥረኛው ሳምንት ደግሞ በንጋት ሚኒባስ ደንገጎ ወጥቶ ሐረር ድረስ ነበር፤ የጉዞው ሁለተኛ መንገድ ሳይጎድል።

ሜዳውን ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር መሥራት ይቻላል። ሐረር ያሉት የጀጎልን ግንብ ይዙሩ፤ አንዱ ዙር 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ሦስት ዙር ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ለዳገት ሐኪም ጋራ አለላቸው። ድሬ ያለው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ለባት ጡንቻ ጥሩ ነው፤ በሳምንት ከ20 ደቂቃ በላይ ግን አታድርጉት፣ የተረከዝ ጅማትን ይጎትታል። ደንገጎ በኩል ደመና ካያችሁ ጨርሶ አትግቡ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ከደጋ ይወርዳል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሌሊት መምጣቱን ድሬ አልረሳችም።

መንገድ ላይ በግራ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ፣ በአንድ ረድፍ ይኬዳል። አንድ ችግር አለ፦ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ጊዜ የግራው ጠርዝ የጥምዙ ውስጠኛ ጥግ ነው፤ ሾፌሩ የሚያያችሁ ሲደርስባችሁ ብቻ ነው። ጥምዙ ሳይጀምር ተሻገሩ፣ ሲያልቅ ተመለሱ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለሁሉም፣ የግንባር ባትሪ ለፊተኛውና ለኋለኛው። አጃቢው መኪና ከኋላ እየተንፏቀቀ አይከተል፤ ሌላውን መኪና ወደ እናንተ ያስቀድማል። 5 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቅ።

ውሃ፦ ለአንድ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት ሩብ። አራት ሰው፣ 12 ሰዓት፣ በአማካይ 0.6 ሊትር ቢጠጣ 29 ሊትር ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመጠጥ፣ ሦስተኛው ለራስና ለእግር ማቀዝቀዣ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይያዝ። ልኩን ለማወቅ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ተጠቀሙ፤ ከእሁዱ ጉዞ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዘኑ። የጎደለው 1 ኪሎ በመጠጥ ያልተተካ 1 ሊትር ያህል ላብ ነው። ክብደቱ ጨምሮ የተገኘ ሰው አብዝቶ ጠጥቷል። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጣት ማበጥ ሲታይበት ብዙዎች «ውሃ ጥሙ ነው» ብለው ሌላ ውሃ ይሰጡታል፤ ጨው ያነሰውን ሰው የባሰ መጉዳት ማለት ነው። ከሦስት ሊትር አንዱ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠ ይሁን፤ አንድ ፓኬት በ1 ሊትር፣ ግማሹ በግማሽ ሳይሆን ሙሉው በሙሉ። ካልተገኘ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው የተላገ።

ምግብ ብዙ አያስቸግርም። የሌሊቱ መነሻ ላይ በሶ ወይም ዳቦ በማር፣ በየዕረፍቱ ሙዝ፣ ቴምር፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ጨው ያለው ቆሎ። ፈጢራና ፉል ሐረር ከገቡ በኋላ። ከባዱ ጉዳይ ጫቱ ነው፤ በአወዳይ እያለፉ አትቃሙ ማለት ቀልድ ይመስላል። ግን ጫት የልብ ምትን ይጨምራል፣ ረሃብን ይደብቃል፣ የመረቀነ ሰው ደግሞ እግሩ ሲላጥ አይሰማውም። ቡድናችን ውስጥ ደንቡ አንድ ነው፦ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እስከ መግቢያው የለም።

እግር ውሃ የሚቋጥረው በሙቀት፣ በእርጥበትና በፍትጊያ ሲሆን ሦስቱም ድሬ ላይ በነጻ ይገኛሉ። የጥጥ ካልሲ ላቡን ይዞ ይቀራል፤ ናይለን የተቀላቀለበት ይሻላል፣ ሁለት ቅያሬ ይያዝ፣ ደንገጎ ላይ ይቀየር። ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይኑረው፤ እግር ከሰዓት በኋላ ስለሚያብጥ ግዢውም ከሰዓት ይሁን። ሳልቫጅ ስትገዙ ሶሉን አጥፉት፣ በአውራ ጣት ተጫኑት። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ስፖንጅ ከላይ አዲስ መስሎ ውስጡ ደርቋል፤ ሶሉ ዳገት ላይ ተገንጥሎ ይቀራል። ጉዞው ሳይደርስ ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር ይራመዱበት። ማቃጠል ሲጀምር እግሩን ማድረቅ፣ የጨርቅ ፕላስተር ጫፉን አክብቦ ቆርጦ ያለ እጥፋት መለጠፍ። ቫዝሊን ለጭንና ለብብት ነው፤ ፕላስተር የሚለጠፍበት ቦታ ከነካው አይይዝም። ትንሹን ውሃ አትንኩት። ትልቁን በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጠርዙ ላይ ብሱት፣ ቆዳውን ግን አትላጡ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፦ በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ የሚል ቃል አትቀበሉ። የተጎዳ ሰው 40ኛው ላይ ማቆም ሲገባው ለብሩ ሲል ይቀጥላል። ለጉዞው በሙሉ አንድ መጠን ይሁን፣ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ የመኪናው ወጪ ከእርዳታው አይነካ። መንገዱ በድሬዳዋ አስተዳደር፣ በምሥራቅ ሐረርጌና በሐረሪ ክልል ስለሚያልፍ ደብዳቤው ለሦስቱም ይድረስ፤ አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ አይሠራም።

የቀሩት ሁለት ሳምንታት 18 እና 8 ኪሎ ሜትር ናቸው። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ፣ አዲስ ምግብ የለም። ጥፍር ከጉዞው አራት ቀን በፊት ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ በዋዜማው የተቆረጠ ጫፉ ካልሲ ይይዛል። ያልተቋጨው የመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው፦ ሐረር ከተማው ውስጥ ከገባን በኋላ በባጃጁና በሕዝቡ መካከል አራት ሰው ሳይበታተን መጨረሻው ጋ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ እንዴት እንደሚደርስ። የሚቀጥለው እሁድ 18 ኪሎ ሜትር ለዚህ ሲባል በ11 ሰዓት እዚያ እንዲያልቅ ተደርጎ ተይዟል።