ኢንክላይንድ ፕሌን በመጨረሻ ገባኝ

12ኛ ክፍል ናቹራል ነኝ፣ ሐዋሳ። ሰሞኑን የኢንክላይንድ ፕሌን (ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ) ጥያቄ ሲመጣ ገጹን ገልጬ ማለፍ ትቻለሁ፤ ደስታው ነው የሚያስጽፈኝ።

ክረምቱን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አልጀብራ ከለስኩ፤ ክፍልፋይ፣ ኤክስፖነንት፣ ከፎርሙላ ውስጥ የተፈለገውን ፊደል ለብቻው ማውጣት። ይሰለቻል፣ ግን አትዝለሉት። ብዙዎቻችን ፊዚክስ ከበደን የምንለው ሒሳቡ ከብዶን ነው።

እኔን አላላውስ ያለኝ ይሄ ነበር፦ ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ክብደቱ በሁለት አቅጣጫ ሲከፈል (አንዱ ቁልቁል፣ አንዱ ወደ ተዳፋቱ)፣ ቁልቁል የሚጎትተው ለምን ሳይን ሆነ? ቬክተር ስንማር «ኤክስ ኮሳይን፣ ዋይ ሳይን» ብለን የሸመደድነው እዚህ ይገለበጣል። ሽምደዳን የምቃወመው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ማዕዘኑን እስከ ጫፍ መውሰድ ሆነ። ተዳፋቱን እንደ ሳንቃ አስቡት። ሳንቃው መሬት ላይ ሲተኛ ማዕዘኑ 0 ነው፣ ዕቃው ወዴትም አይሄድም። የ0 ሳይን 0፣ ኮሳይኑ 1 ነው። እንግዲህ የሚጎትተው ሳይን፣ ሳንቃውን የሚጫነው ኮሳይን ነው ማለት ነው። 90 ዲግሪ ላይ ደግሞ ሳንቃውን የሚጫን ነገር የለም፤ ዕቃው ዝም ብሎ ይወድቃል። 2 ኪሎ ዕቃ በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ስሩ፤ ስበቱን 10 ብትወስዱ ቁልቁል 10 ኒውተን፣ ኖርማል ፎርሱ (ሳንቃው ዕቃውን መልሶ የሚገፋበት) 17.3 ገደማ ይመጣል።

ከዚያ ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ሳንቃ ላይ ደብተር አስቀምጡና አንዱን ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ደብተሩ ሊንሸራተት ሲል ከፍታውን ለአግድሙ ርቀት አካፍሉ። ከፍታው 24፣ አግድሙ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.4 ነው፤ የስታቲክ ፍሪክሽን ኮኤፊሸንቱ (ሰበቃው ዕቃው ሳይንሸራተት ምን ያህል እንደሚይዘው የሚለካው ቁጥር) እሱ ነው፣ የማዕዘኑ ታንጀንት። ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ሌላ ደብተር ብትደርቡበትም ማዕዘኑ ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ክብደቱ ከእኩልታው ከሁለቱም ወገን ስለሚሰረዝ። ታቦር ተራራ ስንወርድ ጠጠሩ ላይ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል የሚንሸራተተው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ስለ አጠናን ያለኝን በግልጽ ልናገር። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም (ዕቃው ላይ ያሉትን ኃይሎች በቀስት የሚያሳይ ሥዕል) ሳይሳል ቁጥር አይነካ። ካልኩሌተሩን አርቁት፤ የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን በእጅ ይውጣ። የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ምዕራፉ ሳይገባ መሥራት ደግሞ መልስ ማስታወስን ብቻ ነው የሚያስተምረው፤ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም።

ኬሚስትሪ ላይ ይሄን ሁሉ ምክር ራሴ አልተከተልኩም። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) በ1 ሲቀንስ የሃይድሮጅን አዮን ክምችት 10 እጥፍ እንደሚጨምር ሎጋሪዝም ስለገባኝ ገብቶኛል፤ በፈር (ፒኤች ብዙ እንዳይለወጥ የሚያደርግ ድብልቅ) ግን እስካሁን ፎርሙላውን ይዤ ነው የምሠራው። በፈርን ከሥሩ የገባው ሰው ካለ ከየት እንደጀመረ ይንገረኝ።