ገብርኤል በዛች ሌሊት መብራቱን አጠፋልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይሄን ምስክርነት እናገራለሁ ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ከተሳልኩ ቆየሁ፣ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር እያለቀስኩ ስልኩን አስቀምጠዋለሁ፣ ዛሬ ግን እያለቀስኩም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ትንሽ የእንጀራ መጋገሪያ ከካሪ አውት ጋር አለችኝ፣ ለሦስት የሐበሻ ግሮሰሪም እንጀራ አስረክባለሁ። በ2023 መጀመሪያ ትልቁ ማቀዝቀዣ ተበላሸ፣ ባንክ ስጠይቅ ጠብቂ አሉኝ፣ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልቻልኩም፣ በዛ መሀል አንድ ደላላ ደወለና በ24 ሰዓት ብሩ አካውንትሽ ይገባል አለኝ። ብድር አይደለም የወደፊት ሽያጭሽን ነው የምንገዛሽ ነው ያለው፣ ካሽ አድቫንስ የሚሉት ማለት ነው። 40,000 ዶላር ብለው 1,600 ለራሳቸው ቆርጠው 38,400 ላኩልኝ፣ የምመልሰው 56,800። በየሥራ ቀኑ 473 ዶላር ከአካውንቴ ይወስዳሉ። ፈረምኩ። በንብረቴም በራሴም ዋስ ሆኜ መፈረሜን እንኳን በደንብ አላነበብኩትም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቸኩዬ ነበር።

ሁለት ወር እንደምንም ሄደ። ከዛ አንዱ ግሮሰሪ የራሱን እንጀራ መጋገር ጀመረና ሽያጬ ወረደ፣ 473ቱ ግን አልወረደም። ቀንሱልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ጻፍኩ፣ መልስ የለም። የነሱ ክፍያ እንዳይመለስ ብዬ የክሬዲት ካርዴን ዕዳ መክፈል ተውኩ፣ ግንቦት 8 በፈረንጅ መክፈል የነበረብኝን አልከፈልኩም።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ቅዳሴ መሄድ አቆምኩ። እናቴ እድሜዋን ሙሉ ቁልቢ እየተሳለች ያሳደገችኝ ልጅ፣ ሥዕለ አድኅኖውን ከካሸሩ በላይ የሰቀልኩ ሴት፣ እያየኸኝ ዝም አልክ አይደል አልኩት፣ አንተም እንደነሱ ትወስዳለህ እንጂ አትሰጥም አልኩት። ይሄን ብዬዋለሁ። ንስሐ ገብቼበታለሁ።

አሁን ወደዛች ሌሊት ልምጣ። ሰኔ ወር ሐሙስ ነው። ጠዋት አካውንቴ ባዶ ሆኖ ክፍያው ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ከሰዓት ከቀሩት ግሮሰሪዎች የአንዱ ባለቤት ደወለልኝ፣ «እህቴ ምንድነው ይሄ ወረቀት? ለሷ የምትከፍለውን ለኛ ክፈል ይለኛል» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ደግሞ ከነሱ ወገን ነኝ የሚል ሰውዬ ደውሎ በማጭበርበር ትከሰሻለሽ፣ ክሬዲትሽም፣ የብድር አከፋፈል ታሪክሽ ማለት ነው፣ ለ7 ዓመት አለቀለት አለኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚበደረውን ብድር ልሞላላት ነበር፣ እሱ ደግሞ የወላጅን ክሬዲት ነው የሚያየው። ያን ስሰማ ለራሴ መፍራቱን ትቼ ለሷ መፍራት ጀመርኩ።

ሠራተኛዬ ስለሄደች ብቻዬን ነው የምጋግረው፣ መጋገሪያው ምድር ቤት ነው፣ ስልክ እንኳን በዋይፋይ ካልሆነ አይሠራም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። አራት ምጣድ በርቷል። ሊጡ አብሲቱን ጠጥቶ ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል። ያ ደላላ ሊንክ ልኮልኛል፣ ሌላ 60,000 ውሰጂና የድሮውን ዝጊ፣ እስከ ንጋት ካልፈረምሽ ይቀራል ይላል። አንዱን እንጀራ አውጥቼ ሰፌዱን አስቀመጥኩ፣ እጄን በሽርጤ ጠረግኩና ስልኩን አነሳሁ። ስሜን ጻፍኩ። የልደት ቀኔን ጻፍኩ። የቀረኝ አንድ መጫን ነው። ጣቴ ላይ ሊጥ ደርቆበት ስለነበር አንዴ ስጫነው አልሠራም፣ ጠረግሁት። በመሀል ያቺ በኤልሳዕ ዘመን የነበረች መበለት ትዝ አለችኝ፣ ባለ ዕዳው ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ የመጣባት። ከየት እንደመጣችብኝ አላውቅም፣ ስንት ወር መጽሐፍ አልገለጥኩም። «ገብርኤል፣ እውነት ካለህ አሁን ድረስ» አልኩኝ፣ ጸሎት አይደለም ጩኸት ነው።

ብሬከሩ ወደቀ። ቷ ብሎ መብራቱ ጠፋ፣ ምጣዶቹም፣ ዋይፋዩም፣ ስልኩ ላይ ያ ገጽ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጨለማ። የሊጥ ሽታና የጋለ ምጣድ ሽታ ብቻ። እኔ እዛው መሬት ላይ ዱቄቱ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ይሄንንም ጨመርክብኝ አልኩ። ከዛ ቀስ እያለ ከአፌ ውስጥ «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን፣ ባገኘን በታላቅ መከራም ረዳታችን ነው» ወጣ፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት የምትደግመው ዳዊት ነው፣ ደጋግሜ ደጋግሜ አልኩት፣ እንባዬ ዱቄቱን እያራሰ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ብሬከሩን ለማንሳት አቅም አጣሁ፣ ሊጡም ፈሶ አለቀ፣ ግድ አልሰጠኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ለቤተ ክርስቲያን እንጀራ የሚወስደው ዲያቆን ነው፣ ኡበር ነው የሚሠራ፣ ሥራ ሳይጀምር ነው የሚመጣው። እንጀራ የለም አልኩት። በስልኩ መብራት ፊቴን አይቶ «እትዬ ምን ሆነው ነው?» አለኝና እኔም ሁሉን ዘረገፍኩለት፣ ለማንም ያልነገርኩትን። አልፈረደብኝም። ሊንኩን አሳየሁት፣ «ይሄን እንዳይነኩት» አለና ይዞኝ ወደ ላይ ወጥቶ ባለቤቱ ጋር ደወለ፣ አካውንታንት ናት፣ ከእንቅልፏ ተነስታ አናገረችኝ። እግዚአብሔር ትዳራቸውን ይባርክ፣ ስማችንን አትጥሪ ስላላችሁኝ ነው እንጂ።

እሷ ናት ለትንንሽ ነጋዴ በነፃ የሚያማክር ማዕከል ያገናኘችኝ፣ እነሱ ደግሞ አንዲት ጠበቃ። ጠበቃዋ ኮንትራቱን አንድ በአንድ አነበበችው። ሽያጭ ሲወርድ ዕለታዊው ክፍያ አብሮ እንዲስተካከል የመጠየቅ መብት ውስጡ ተጽፎልኝ ኖሯል፣ እነዛ ያላዩልኝ ሁለት ኢሜይሎች ማስረጃ ሆኑልኝ። ለ90 ቀን 473 ስከፍል 42,570 ሆኗል፣ ከወሰድኩት በላይ ከፍያለሁ ማለት ነው፣ ቁጭ ብዬ ደምሬው አላውቅም ነበር። በዕዳ ብቻ ማንም እንደማይታሰርም ነገረችኝ፣ ያን ቀን ስንት ወር ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ክሬዲቱን ግን ፈርቼ አልከፍትም አልኩ። ዲያቆኑ አጠገቤ ተቀምጦ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ አስከፈተኝ፣ በየሳምንቱ በነፃ ይታያል፣ ክሬዲት የሚመዘግቡትን ድርጅቶች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን ሦስቱንም። ያ ካሽ አድቫንስ ሦስቱም ላይ የለም! ጠበቃዋ እንዳስረዳችኝ እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በግል ፋይል አይመዘገቡም፣ ፍርድ ቤት ቢያሸንፉኝ እንኳን በፈረንጅ ከ2017 ወዲህ የዕዳ ፍርድ እዛ አይጻፍም፣ ግን አካውንቴን ሊያሳግዱ ይችላሉ፣ በንብረቴ ላይ ያስመዘገቡት መያዣም በቢዝነሱ ፋይል ላይ ይታያል። የጎዳኝ እኔ ራሴ የተውኩት ካርድ ነው፣ የዘገየው እሱ ተጽፏል። 90 ቀን ከሞላው ደግሞ፣ ዕዳው ከ2,085 ዶላር ስለሚበልጥ፣ የልጄን ብድር ያስከለክላል።

የሐምሌ ገብርኤልን እኛ ጋ ያነገሥነው በተከታዩ እሁድ ነበር። ቅዱስ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው ጋን የወጡበት በዓል ነው፣ እናትና ልጅ። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ፣ የንስሐ አባቴ አዩኝና «ኢዮብም ተናግሯል ልጄ፣ አንቺ ግን ቅዳሴ አታቋርጪ» ብቻ አሉኝ። ካርዱ 83 ቀን ሆኖታል። ሰባት ቀን ነው የቀረኝ። ከቅዳሴ በኋላ እቁብ ነበረን፣ 30 ሰው 200፣ 200 የምንጥለው፣ እጣው ለአንዲት ትልቅ ሴት ወጣ። ብድግ ብለው «እኔ እጠብቃለሁ፣ ለሷ ስጧት» አሉ። ማን ነገራቸው? እኔ አልነገርኩም፣ ዲያቆኑም አልነገርኩም ብሎ ምሏል። እትዬ፣ እስከ ሕይወቴ ፍጻሜ አልረሳዎትም። ሰኞ ጠዋት ካርዱን ከፈልኩ። ነሐሴ ላይ የልጄ ብድር አለፈ።

ሰዎቹ ከነቅጣቱ 25,000 ሲሉ ቆይተው በ9,000 ተስማሙ፣ በወር 750 ለዓመት፣ የመጨረሻውን በኛ አቆጣጠር መስከረም 2017 ከፈልኩ፣ መያዣውንም አነሱልኝ። የካርዱ መዘግየት ገና አለ፣ 7 ዓመት ይቆያል፣ ይቆይ። ልጄ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

የተሳልኩት ጥላ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ እያሠራችው ነው፣ ቀይ ከፋይ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ፎቶውን ትናንት ላከችልኝ። ለታህሳስ 19 ራሴ ይዤው ቁልቢ እወጣለሁ ብያለሁ፣ ትኬቱንም ቆርጫለሁ።